ጀርባው የተከፈተ ሰዓት

ኤልናታን ዋና አይችልም። ናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ባለው መዋኛ ውስጥ እንኳን ውሃው ከእምብርቱ ከፍ ካለ የዳሩን ብረት የሙጥኝ ይላል። ይህ ሰው ግን በዓለም ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ነፍሱ የምትወደው የጠላቂ ሰዓት ነበር፤ ሁለት መቶ ሜትር ባሕር ውስጥ ወርዶ ጠብታ የማያስገባ፣ ዙሪያው ላይ የሚሽከረከር ጠርዝ ያለው፣ ጨለማ ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ክንድ ላይ ሰዓት ሲያይ መውረጃው ያልፈዋል። ፍቅረኛው ምርቃት በዚህ ስቃበት አታውቅም። ሰው የማይደርስበትን ቢመኝ ምን ነውር አለው? እሷም ብትሆን ማን እንደሚለብሰው ሳታውቅ ስንት ቀሚስ ሰፍታ ሰቅላለች።

ስለዚህ ችግሩ ምኞቱ አልነበረም። ችግሩ የእናቱ ደንብ ነበር።

እናቱ ወይዘሮ እታገኘሁ ፓርክላንድስ ውስጥ የእህልና የቅመም መደብር አላቸው፤ ናይሮቢ ያለ ሐበሻ በርበሬ ሲያልቅበት የሚሮጠው እሳቸው ጋ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፤ ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። ደንባቸው ደግሞ እንዲህ ነው፦ በቀለበት ቀን የወንዱ ወገን ለሴቷ ወርቅ ያጠልቃል፤ ሴቷ በሽማግሌ ፊት ለወንዱ ሰዓት ታስራለች። ትልቁ ልጃቸው ስምዖን ሲታጭ፣ የዛሬዋ ሚስቱ ሀሴት ያሰረችለት ሰዓት ፊቱ ላይ ዘውድ ያለበት፣ ሰዓት የማያውቅ ሰው እንኳን የሚያውቀው ዓይነት ነበር። በዚያ ቀን ሰዓቱ ከሙሽሮቹ በላይ ፎቶ ተነሣ። ሽማግሌው ምርቃትን ለኤልናታን ሊጠይቁ ሲመጡም መልእክቱን አብረው ይዘው መጡ።

«ለታናሹም ከታላቁ ያነሰ አይሆንም መቼም» አሉ፣ ጺማቸውን እየዳሰሱ።

የምርቃት አክስት አጸደ መልእክቱን በፈገግታ ተቀብላ፣ ሽማግሌውን እስከ በር ሸኝታ፣ በሩ ሲዘጋ ፈገግታውን እንደ ጫማ አወለቀችው። አጸደ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ምርቃትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ስትሆን፣ ከምግብ ቤቱ ኋላ ያለችውን ክፍል ለስፌት የሰጠቻትም እሷ ናት።

«ስንት ነው እሱ ባለ ዘውዱ?»

«አዲሱ ከሚሊዮን ሺሊንግ በላይ።»

«ሚሊዮን? ለክንድ?»

«ለክንድ፣ እትዬ።»

«በዚያ ገንዘብ እኔ ሌላ ባል አገባ ነበር» አለች አጸደ።

ምርቃት ሳቀች፤ ግን ልቧ ሥራ ጀምሮ ነበር። ከስፌት ያጠራቀመችው መቶ ሃምሳ ሺህ ሺሊንግ አለ። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አትጨምርም፤ ከዚያ በታች ደግሞ ውሸት አትገዛም። ይህን ለራሷ ወሰነች፤ ምርቃት ለራሷ የወሰነችውን ነገር ለማስለወጥ የሞከረ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ ጥርሱን እያፋጨ ነው።

ለማስለወጥ መጀመሪያ የሞከረችው ሀሴት ናት። ለቀለበቱ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ መስታወቱ ፊት እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ እንደቆመች ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ፣ ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ? ታውን ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ፎቅ ላይ። ስምንት ሺህ። ሳጥኑ ሳይቀር እንደ ዋናው አረንጓዴ።»

ምርቃት አፏ ውስጥ ያለውን መርፌ አወጣች። «የስምዖንም...?»

ሀሴት መስታወቱ ውስጥ አየቻት። መልሱ ፊቷ ላይ ነበር።

«ማን ይከፍተዋል ብለሽ ነው?» አለች ቆይታ። «ይኸው ስንት ዓመቱ። አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም።»

«እሱስ አያውቅም?»

«እሱ ዘውዱን ነው የሚያየው። ምርቂ፣ እኔ የያዝኩት ትዳሬን እንጂ ሰዓቱን አይደለም። እንዳትፈርጂብኝ።»

«አልፈርድብሽም። ግን እኔ አላደርገውም። ክንድሽን አጥፊ፤ ብብቱ ይጠብሻል?»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ምርቃት ምስጢር ስትቀበል መሐላ አትጠይቅም፤ አትምልምም። ዝም ትላለች፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ መማር ጀመረች። ምርቃት ትምህርት ቤት ያስተማራት ነገር ትንሽ ነው። ስፌትን የተማረችው የሰው ቀሚስ ገዝታ እየፈታች ነው፤ ክሩ የት እንደሚጀምር፣ ጨርቁ የት እንደሚታጠፍ እያየች። ሰዓትንም እንደዚያው ፈታችው። በአንድ እግሯ የስፌት መኪናውን እየረገጠች፣ ስልኳን ክር ማስቀመጫው ላይ አስደግፋ፣ ሽበታም ፈረንጆች ስለ ሰዓት ሲጨቃጨቁ ትሰማለች። ያልገባትን ቃል ታቆማለች፣ ትጠይቃለች፣ እንደገና ታጫውታለች። በወሩ መጨረሻ አጸደ «ይቺ ልጅ ሰዓት ሠሪ ልታገባ ነው እንዴ?» ማለት ጀመረች።

የተማረችውን ባጭሩ ለመናገር፦ ገንዘቡ አጭር የሆነ ሰው ስምን ይተው፣ ሳጥንን ይተው፣ ወረቀትን ይተው። የማይተወው መስታወቱን፣ ውስጡ ያለውን ሞተርና ውሃ የሚከለክለውን ላስቲክ ነው። መስታወቱ ሳፋየር የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ካልሆነ የቁልፍ ዘለላ ይጭረዋል። ጎኑ ላይ ያለችው መሙያ እንደ ብሎን ጠብቃ ካልታሰረች «ጠላቂ» የሚለው ቃል ጌጥ ብቻ ነው። ጠርዙ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መዞር አለበት፤ ጠላቂው ባሕር ውስጥ ድንገት ቢነካው የቀረውን አየር አሳንሶ ያሳየዋል እንጂ አብዝቶ አያሳየውም። ይህን ስትሰማ ምርቃት መኪናዋን አቆመች። ሲሳሳት እንኳን ለባለቤቱ ሕይወት የሚያደላ ዕቃ! እሷም ያን ጊዜ ወደደችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የኤልናታን ምኞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእሷም ሆነ።

አእምሮዋ የጃፓኖቹን መረጠ። ጠንካሮች ናቸው፣ አይዋሹም፣ ከገንዘቧም ግማሹን ያተርፉላታል። ሆዷ ግን እምቢ አለ። «የቅንጦት ካሉ አይቀር ቅንጦት ይሁን» አለች ለራሷ። ለወይዘሮ እታገኘሁ ብላ አይደለም። ኤልናታን መብራት ጠፍቶ ሊፍት በቆመ ቀን የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ደንበኛዋ ቤት አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ነው፤ ደርሶም እየሳቀ «ቀጥሎ ፍሪጅ ካለ አምጪ» ያለ። ለእንዲህ ያለ ሰው ክንድ «ይበቃዋል» የሚባል ነገር አይታሰርም።

ሰዓቱን ያገኘችው ኪሊማኒ ነው። የረድኤት ድርጅት ሠራተኞች ሥራቸው አልቆ ከናይሮቢ ሲነሡ የቤታቸውን ዕቃ በስልክ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ሶፋው፣ ጁስ መፍጫው፣ የልጆቹ ብስክሌት። ከአንድ ፍራሽና ከአንድ የቡና ማሽን መካከል የሰዓት ፎቶ ነበረ። የስዊስ ነው፤ ስሙን ናይሮቢ ውስጥ ሰዓት የሚወድ ሰው ካልሆነ የሚያውቀው የለም። ባለቤቱ ረጅም፣ ፀሐይ ያቃጠለው ሰውዬ፣ የምር ጠላቂ ነበር፤ ሰዓቱ ጠርዝ ላይ የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ የጫረው ምልክት አለ። ሳጥኑና ወረቀቱ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲዛወር ጠፍቷል። ለዚህም ነው ዋጋው እሷ ክልል ውስጥ የወደቀው።

«መቶ ሰባ» አለ።

«መቶ ሠላሳ። ደግሞ ሳይከፈት አልከፍልም።»

«ምኑ?»

«ጀርባው። እርስዎን አላውቅዎትም፤ እርስዎም አያውቁኝም። ፓርክላንድስ ሰዓት ሠሪ አለ። እሱ ከፍቶ አይቶ እሺ ካለኝ እዚያው በኤምፔሳ እልካለሁ።»

ሰውየው ሳቀ፤ አልተቀየመም። ለምንስ ይቀየማል? ገበያ ነው። ተያይዘው ራጃ ጋ ሄዱ። ራጃ አያቱ ከከፈቱት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተወለደ እስኪመስል ድረስ ከወንበሩ የማይነሣ ሰዓት ሠሪ ነው። ክዳኑን ጠምዝዞ አወጣው፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ውስጡን ጥግ በጥግ አየ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ፣ ሰዓቱን ውሃ ያለበት ማሽን ውስጥ አስገብቶ ጫነው። አንዲትም አረፋ አልወጣችም።

«ዳዳ» አላት፣ በስዋሂሊ እህቴ ማለቱ ነው፣ «ይሄ ሰዓት እውነተኛ ነው። ከእኔም ከአንቺም በኋላ ይኖራል።»

መቶ አርባ አምስት ላይ ተስማሙ። ምርቃት ወደ ሁርሊንግሃም ስትመለስ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር።

የቀለበቱ ቀን እሑድ ዋለ። ጠዋት አጸደ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ላይ ስትጮህ፣ ምርቃት በሯን ዘግታ ሰዓቱን ከጨርቁ አወጣችው። በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚሄደው። ወይዘሮ እታገኘሁም ሽማግሌውም የሚያነቡት የሐበሻውን ነው፤ እሷም ብትሆን ለራሷ ቀለበት የሰው ሰዓት መዋስ አልፈለገችም። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። ሁለት ሰዓት ተኩል። ቀጥሎ በሰዓቱ ፊት ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ውስጥ ያለውን የቀን ቁጥር አየች፤ ወደ ኋላ ቀርቷል። በእኩለ ሌሊት አካባቢ ቀኑን መንካት ክልክል እንደሆነ ተምራለች፤ ያን ጊዜ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ቀን ሊቀይሩ ተናክሰው ነው ያሉት። አሁን ግን ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። መሙያዋን ስባ አዞረች። የሆነ ነገር እንደ ጥርስ ቀጭ አለ። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። አጸደ «ምርቃት! የሚያስጌጡት ሰዎች ደረሱ!» ብላ ስትጮህ ሰዓቱን ተራ የስጦታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ የምግብ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ምርቃቱ ወረደ፣ ወይዘሮ እታገኘሁ በገዛ እጃቸው ለምርቃት ወርቁን አጠለቁላት። ከባድ፣ ቆንጆ ወርቅ ነበር፤ እውነት እውነት ነው። ከዚያ ምርቃት ሳጥኑን ከፍታ ሰዓቱን ኤልናታን ክንድ ላይ አሰረችው።

ኤልናታን አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። የስዊሱን ፋብሪካ ስም በሹክሹክታ ጠራ፣ የሚወዳትን ልጅ እንደሚጠራ ሰው። «ይሄንን እንዴት አወቅሽው? ምርቂ፣ ይሄ እኮ ... አይ ሱዌር ...» ጠርዙን አዞረው። ጨለማ ፍለጋ ሰዓቱን ከኮቱ ሥር አስገብቶ አየው። እንደ ልጅ ሳቀ። ምርቃት ይህን ፊት ለማየት ሌላ መቶ አርባ አምስት ሺህ ትከፍል ነበር።

ስምዖን ከጀርባ ጎንበስ አለ። «ዘውዱ የታለ ታዲያ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኤልናታንም ሳቀ። «አንተ ስለ ሰዓት ምን ታውቃለህ?»

«እኔማ አላውቅም። ግን ቀኑ ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉም አጎነበሱ። በትንሿ መስኮት ውስጥ የአንዱ ቁጥር ግማሽ ከላይ፣ የሌላው ግማሽ ከታች ቆመው ነበር። ኤልናታን መሙያዋን ስቦ ቢያዞር አልነቃነቅ አለ። ከኋላ አንድ ሰው «ፌክ ነው እንዴ?» አለ። ቃሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሄደ።

ወይዘሮ እታገኘሁ መነጽራቸውን አደረጉ። «ወረቀቱ የታለ፣ ልጄ?»

«ወረቀት የለውም። ሴኮንድ ሃንድ ነው።»

«ሴኮንድ ሃንድ» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ቃሉን በሁለት ጣት እንደያዘ ሰው።

ምርቃት ሰዓቱን አየች። ቆጣሪዎቹን አየች። ያን ጊዜ ገባት። ሰዓት ፀሐይ አያይም፤ የሚያውቀው የገዛ ቆጣሪዎቹ የት እንደቆሙ ብቻ ነው። የሐበሻ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ለእሱ በፈረንጁ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት አልፎ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጥርሶቹ ገና አልተላቀቁም። በተከለከለው ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጇ ሰብራዋለች።

ዓይኗ ሳታዘው የስምዖን ክንድ ላይ አረፈ። ዘውዱ ሥር የሰከንድ ቆጣሪው እንደ ወጥ ቤት ሰዓት ጠብ ጠብ እያለ ይዘላል፤ ባለ ሚሊዮኑ እንዲህ አይዘልም፣ ይፈስሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ከስምዖን ጎን ሀሴት የጠረጴዛውን ጨርቅ ጨብጣ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ታያታለች። ምርቃት ዓረፍተ ነገሩን ዋጠችው። በዚያ ቀን የዋጠችው ነገር እሱ ብቻ ነው።

«ሰዓቱ እውነተኛ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ሐበሻ ሰዓት ስመልሰው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ውሸት ግን የለበትም።»

«ክፉ አትውሰጂው» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ነገ ራጃ ጋ ይወሰድና ይከፈት፤ ሁላችንም እንገላገል።»

«ከፍቼዋለሁ፣ እማማ። ከማላውቀው ሰው ስገዛው አስከፍቼዋለሁ። የባዳ ዕቃ ይከፈታል። አሁን ወርቅ ያጠለቁልኝ ለባዳ ነው ወይስ ለልጅዎ?»

«ምርቃት!» አለች አጸደ ከዳር።

«ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል እኮ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ሲቀብሩኝ ይመኑኛል።»

አንዲት ሴትዮ ሳቅ አመለጣት፤ በነጠላዋ አፈነችው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምርቃት ወደ ኤልናታን ዞረች።

«ኤልናታን፣ ለአንተ ነው የምናገረው። ለቀኑ ጥገና ነገ ብትከፍተው ጉዳዬ አይደለም። የእኔን ቃል ለማጣራት ከተከፈተ ግን እኔና አንተ እንዘጋለን። ወረቀት የለኝም። ያለኝ አፌ ነው። ይበቃሃል?»

ኤልናታን ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እጁን ሰዓቱ ላይ አደረገ። «ማንም አይከፍተውም» አለ።

አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለ፤ ምግብ ቀረበ። ምርቃት በዚያ ምሽት እንደ ንግሥት ነበር የተራመደችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየሰፋች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ምርቂ! ኦሪጅናል ነው!»

እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«ሰማሽኝ? መቶ በመቶ! አሁን ከራጃ ጋ ነው የወጣነው። ሞተሩን ራሱ አየሁት፣ የፋብሪካው ፊርማ አለበት፣ ዩ ሹድ ሲ ኢት! ማዘር አፏን ነው የያዘችው። ኬክ ይዘን እየመጣን ነው፤ ይቅርታ ልትጠይቅሽ። ደስ አይልም? ... ሄሎ?»

«ቀኑን ልታሠራ ነው የወሰድከው?»

«ቀኑን ... እሱንም ጠየቅነው። ግን ማዘር እንድታርፍ ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው! አሁን ማንም ምንም ሊል አይችልም።»

«ከመከፈቱ በፊት ለአንተ ምን ነበር?»

«እንዴት ምን ነበር?»

«እሑድ ማታ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ክንድህ ላይ ሆኖ። ምን ነበር?»

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። «እኔማ ... አምኜሻለሁ» አለ። ግን መልሱ ከመምጣቱ በፊት አንዲት ትንፋሽ ነበረች። ምርቃት በሕይወቷ የስንት ቀሚስ ስፌት ፈትታለች፤ ክር የት ጋ እንደላላ ለማወቅ መብራት አያስፈልጋትም።

ሲደርሱ ወርቁን ሳጥኑ ውስጥ አድርጋ፣ ቀለበቱን ከላይ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። ኬኩ ትልቅ ነበር፤ ላዩ ላይ በክሬም ስሟ ተጽፏል። ወይዘሮ እታገኘሁ እንደገቡ ሳይቀመጡ እጇን ያዙ።

«በድዬሻለሁ፣ ልጄ። በሰው ፊት ነው የበደልኩሽ፣ በሰው ፊት እክሳለሁ።»

ይህን ማለት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ምርቃት አወቀችው። «እርስዎን ይቅር ብያለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። እርስዎ አላወቁኝም፤ ሊጠረጥሩ ይችላሉ።» ሳጥኑን ወደ እሳቸው ገፋች። «ይሄ የእርስዎ ነው።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ሳጥኑን አዩ። ቀለበቱን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምርቂ፣ ምንድነው ይሄ?» አለ ኤልናታን። «ስሚኝ፣ ሰዓቱ እውነተኛ ነው! አረጋገጥን እኮ!»

«ሰዓቱንማ አረጋገጥክ።»

«ለማዘር ብዬ ነው አልኩሽ!»

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እታገኘሁ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። ረጅም አስተያየት ነበር። አፋቸው ሊከፈት ብሎ ተመለሰ።

«ለአንድ ክዳን ብለሽ?» አለ ኤልናታን፤ አሁን ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። «ሁሉን ነገር ለአንድ ክዳን?»

«አንተስ? ሁሉን ነገር ለአንድ ክዳን?» እጇን ዘረጋች። «ነግሬህ ነበር። በር ዘግቼ አይደለም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት። አንተም እሺ አልክ። አምጣ።»

ሰዓቱን ፈቶ ሰጣት። እስኪፈታው ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አጸደ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ሰዎቹ ሲወጡ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ኩራትሽ እራትሽ ይሁን! ጥሩ ልጅ ነበር። ደግ ልጅ ነበር። የእኔ ባል ስንት ጊዜ ኪሴን እንደፈተሸ ብነግርሽ ...»

«አንቺ ምን አልሽው?»

አጸደ ኬኩን አየችው። ቢላዋ አመጣች፣ «ምርቃት» የሚለውን ስም ሳትነካ ከዳር ቆረጠችና በሳህን አድርጋ ሰጠቻት። «ብዪ» አለች። «ማልቀስሽ አይቀርም፤ በባዶ ሆድ አታልቅሺ።»

አለቀሰች። ምን ይደረጋል፣ ትወደው ነበር። ግን ያለቀሰችው ቀሚሱን እየሰፋች ነው፤ ሙሽሪት ዓርብ ልትወስደው ነው የቀጠረችው።

ቅዳሜ ራጃ ጋ ሄደች። ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ ሲያየው ሁለት እጁን አነሣ።

«ዳዳ፣ ከእኔ ጋ እንዳትጣዪ። ነግሬያቸዋለሁ! ‹ይሄንን ሰዓት ለልጅቷ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ እውነተኛ ነው› ብያቸዋለሁ።»

«ታዲያ እሷ አላመነችህም?»

«ማን፣ እናትየዋ? እናትየዋማ ‹ባሲ፣ ይበቃል፣ እንሂድ› ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ነበር።» ራጃ ማጉያውን ግንባሩ ላይ ሰቀለው። «ልጁ ነው ‹መጥተናል፣ ለማንኛውም ክፈተው› ያለኝ።»

ምርቃት ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። ወይዘሮ እታገኘሁ ልጃቸውን ያዩበት አስተያየት፣ ተከፍቶ የተመለሰው አፋቸው፣ ሁሉም አሁን ገባት። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቷ ውስጥ «አበዛሁት ይሆን?» እያለ ሲቆፍር የነበረው ነገር ቆፈራውን አቆመ። ሳቀች። ራጃ ተደናግጦ አብሯት ሳቀ።

«ልሽጠው ካልሽ መቶ ስልሳ እሰጥሻለሁ፤ ቀኑ ተበላሽቶም።»

«አይሸጥም። ማሰሪያውን አሳጥርልኝ።»

«ለማን?»

ክንዷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለት። ራጃ ክንዷን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ለሴት ትልቅ ነው፣ ዳዳ። ከባድ ነው።»

«ብረት ስይዝ ነው የምውለው። አሳጥረው።»

ሦስት አንጓ አወጣ። ሰዓቱ ሲታሰር በረዳት፤ ከዚያ ሞቀ። ራጃ የወጡትን አንጓዎች በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ገፋላት።

«አስቀምጫቸው። አንድ ቀን ለባልሽ ልስጠው ብትዪ ያስፈልጉሻል።»

«ባሌ የራሱን ይግዛ» አለች ምርቃት፣ ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ትታ እየወጣች።